የጠፋ ዕቃና የተገኘ ዜማ

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች የተቀማጭ ይሆናሉ። ጧት ሯጮች ሲወጡና ሲወርዱ የሚያረፍዱበት ያ ረጅም እርከን ወደ ማታ ላይ ሁሉንም ያስተናግዳል፤ ከሥራ መልስ እግሩን የሚያሳርፈውን፣ ቀጠሮ ያለውን፣ ቀጠሮው የቀረበትን። ከእነዚህ መካከል በእጅ ስልኩ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ወጣት ማግኘት ቀላል ነው። የሚያዳምጠው ግን ሁልጊዜ የራሱ ዘመን ዘፈን ሆኖ አይገኝም። አንዳንዱ ወላጆቹ ገና ሳይተዋወቁ የተቀረጸ የባንድ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ኦርጋኑ ሲያንጎራጉር፣ ሳክስፎኑ እንደ አልቃሽ ሙሾ ሲያወርድ፣ ከበሮው ደግሞ በተቃራኒው ለዳንስ ሲጣራ እየሰማ አንገቱን ይነቀንቃል።

ወጣቱ ያገኘው ዜማ «ወደ ሐረር ጉዞ» ከተባለው ሥራ የተወሰደ ነው እንበል። ይህን ሥራ ኦርጋን ተጫዋቹ አቶ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሲቀርጹት ቦታው ግዮን ሆቴል ነበር። ግዮን ከአደባባዩ አጠገብ ነው፤ ወጣቱ ከደረጃው ተነሥቶ መንገዱን ቢሻገር በጥቂት ደቂቃ ከበሩ ይደርሳል። ዜማው ወደ ወጣቱ የመጣው ግን በዚህ አጭር መንገድ አይደለም። በካሴት ተባዝቶ ተሸጠ፤ ካሴቱ አረጀ፤ ስሙ ተረሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እንደገና አወጣው፤ ከዚያም በበይነ መረብ ዓለምን ዞሮ፣ ከተነሣበት ቦታ ጥቂት መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ በአንድ ወጣት ጆሮ ውስጥ ዐረፈ።

ወጣቱ «አገኘሁት» ይላል። ቃሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ማግኘት በአገሩ ልማድ ኀላፊነት የሌለበት ድርጊት ሆኖ አያውቅም። የባዘነ በሬ ከማሳው ገብቶ ያገኘ ገበሬ በሬውን አስሮ ዝም አይልም፤ በገበያ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያስነግራል፤ የበሬውን ቀለምና ምልክት ግን ለራሱ ይይዛል፤ ባለቤት ነኝ ባይ ሲመጣ ምልክቱን እንዲናገር ይጠይቀዋል። ያላስነገረ ሰው፣ በሬውን ከማንም ባይሰርቅም፣ ዝምታው ራሱ ይመሰክርበታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ግዴታ ሲጥልበት ከዚሁ ስሜት አልራቀም። በሁለቱም ዘንድ በማግኘትና በመውሰድ መካከል ያለው ወሰን ማስታወቅ ነው።

ዜማ በእርግጥ በሬ አይደለም። በሬውን ያገኘ ባለቤቱን በሬ አልባ ያደርገዋል፤ ዜማን ሺህ ሰው ቢያገኘው ከባለቤቱ እጅ የሚጎድል የለም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ነገሩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፤ ማንም ካልተጎዳ ጥያቄው ምንድን ነው ይላል። ሆኖም የበሬው ባለቤት የሚፈልገው በሬውን ሲሆን፣ የዜማው ባለቤት ዜማው እንዲመለስለት አይፈልግም፤ እንዲሰማለት ነበር የሠራው። የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ በቅድሚያ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ነገሩ እንደ በሬው ቀላል ሆኖ አይገኝም።

የአዲስ አበባ የዳንስ ባንድ ሙዚቃ ከአንድ አባት የተወለደ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ከአርመን ሕዝብ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ያቀፈ የነፋስ መሣሪያ ባንድ አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሲሆን፣ የወንድማቸው ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ ከነጻነት በኋላ ተራ በተራ የመንግሥት ባንዶችንና የቴአትር ቤት ኦርኬስትራዎችን አሠለጠኑ። በዚህ ላይ የአሜሪካ ትላልቅ የዳንስ ኦርኬስትራዎች ድምፅ በሸክላና በሬዲዮ መጣ። ይህ ሁሉ በአምስት ድምፅ ከሚሄዱት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ተገናኘ። አሥራ ሁለት ድምፅ ለለመደው መለከት በአምስት ድምፅ መናገር ማለት ቤት ለቤት ሲሄድ የኖረን ሰው በገመድ ላይ ማስኬድ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚሰማው ያ መንገዳገድ የሚመስል ውበት ከዚያ ይመነጫል።

የሚጫወቱትስ እነማን ነበሩ? ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አህመድ የዘፈኑት በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ታጅበው ነው፤ ዓለማየሁ እሸቴ የወጣው ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው፤ አቶ ኃይሉ መርጊያም ገና በለጋ ዕድሜያቸው በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ያለፉ ናቸው። ትሮምቦን ነፊው ወታደር ነበር። ማዕረግ፣ ደመወዝና የደንብ ልብስ ነበረው፤ ያለ ፈቃድ ከክፍሉ ውጭ መጫወት ያስቀጣው ነበር። በዚህ ዓይን ሲታይ ሥራው የመንግሥት ነበር ማለት ይቻላል፤ መንግሥትም ማለት ግብር ከፋዩ ገበሬ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ምሽት አንዲቱንም ሰዓት ሳያይ የኖረ ሰው ነው። ይህን ያህል ባለቤት ያለው ነገር እንደ ባለቤት አልባ መቆጠሩ ይገርማል።

የሸክላው ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ የሚባሉ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ጎልማሳ፣ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ሰው፣ ክልከላውን እያወቁ በራሳቸው ስም ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀረጸው ድምፅ ወደ ሕንድና ወደ ሊባኖስ እየተላከ ታትሞ ይመለስ ነበር። እስከ 1975 በነበሩት ስድስት ዓመታት ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትላልቅ ሸክላዎች አወጡ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ጃዝ» ብሎ የሚጠራው ድምፅ፣ የዶክተር ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. የ1974 ሥራ ጭምር፣ ከሞላ ጎደል በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ነው የቆየው። ሕጉ ቢከበር ኖሮ አብዛኛው ዛሬ አይሰማም ነበር። በሥነ ምግባር ጉዳይ ሕግን እንደ መጨረሻ ዳኛ ለሚያዩ ሰዎች ይህ ጥቂት የሚያሳስብ ነገር ነው።

ከአምኃ እሸቴ ዘመን ወደ ግዮን ቀረጻ ሲኬድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃል፤ ምናልባትም ከባለቤትነት ጥያቄ የከበደ።

በ1970 ዓ.ም. አደባባዩ የሚጠራው አብዮት አደባባይ ተብሎ ነው። በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚሁ አደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲናገሩ፣ በደም የተመሰሉ ጠርሙሶችን ሰባብረው «ፀረ አብዮት» ያሏቸው ሰዎች እንዲደመሰሱ ጥሪ አደረጉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የሆነው ይታወቃል፤ ሬሳ በመንገድ ላይ ተጥሎ ያደረበት፣ ወላጅ የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የተቸገረበት ዘመን ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከደረጃዎቹ ፊት ለፊት የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ከዚህ አደባባይ አጠገብ፣ በዚያው ዓመት፣ አንድ ባንድ ለዳንስ የሚሆን ሙዚቃ ይቀርጽ ነበር። ሰዓት እላፊ ነበርና ወደ ምሽት ክበብ የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይደንስ ነበር፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር።

ይህን የሚያውቅ አድማጭ ዜማውን እንዴት ይስማው? አንዱ አድማጭ በቁጣ ይዘጋዋል፤ ሰው ሲያልቅ የተደነሰ ዳንስ ነው ይላል። ቁጣው የሚናቅ አይደለም፤ በተለይ ከሟች ቤተሰብ ከሆነ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ሌላው ግን ምንም ሳይጨነቅ «የወርቃማው ዘመን ሙዚቃ» ይለዋል፤ ስሙንም በሚጭንበት ገጽ ላይ እንዲሁ ይጽፈዋል። ከሁለቱ ይልቅ ይህ ሁለተኛው የከፋ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ዜማውን ባይሰማም ዘመኑን ያውቃል፤ ሁለተኛው ዜማውን እየሰማ ዘመኑን ያጠፋል። በአንድ ወርቃማ ቃል ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ መጨረሻ፣ አብዮቱ፣ ሽብሩና ሰዓት እላፊው አንድ ላይ ተለብጠው የፀሐይ መጥለቂያ ሥዕል ይሆናሉ።

ሙዚቀኞቹን በተመለከተ ግን ፍርዱ ሌላ መሆን አለበት። ግጥም ለሳንሱር የሚቀርብበት ዘመን ነበር። ቃል የሌለው ሙዚቃ የሚያስመረምር ቃል አልነበረውም፤ የሚያስምልም ቃል አልነበረውም። አንድ ከበሮ መቺ ቤተሰቡን በደመወዙ ያስተዳድራል፤ ማታ ከቤቱ ይወጣል፤ ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ይመለሳል። በሩ በተዘጋበት አዳራሽ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ደግሞ የደነሱት ስላልሰሙ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ሰምተው ነበር። ሰው በፍርሃት መካከል ሲደንስ ምን እያደረገ እንደሆነ ለመናገር ያልኖረበት ሰው መቸኮል አይገባውም። ኋላ የመጣው አድማጭ ሊያደርግ የሚችለው ትንሽ ነገር ቢኖር ዓመቱን ከዜማው አለማላቀቅ ነው። «1970 ዓ.ም.፣ ግዮን ሆቴል፣ አዲስ አበባ» ተብሎ የተጻፈበት ዜማና ምንም ያልተጻፈበት ዜማ፣ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም፣ አንድ ዜማ አይደሉም።

አቶ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከባንዱ አባላት ከፊሉ ተመለሱ፤ ከፊሉ እዚያው ቀሩ፤ እርሳቸው ከቀሩት ወገን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ኦርጋኖችን ብቻቸውን እየተጫወቱ፣ ድሮ የለመዱትን መሣሪያና አዲሱን አጣምረው አንድ ካሴት ሠሩ። ካሴቱ ወደ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፤ ከዚያም እንደ ብዙ ካሴት ተረሳ። እርሳቸው በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆኑ። በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አንድ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ እንደ ነበር ይታወቃል። ተሳፋሪዎቻቸው ማን እንደሚነዳቸው አያውቁም ነበር። በዋሽንግተን ታክሲ የነዱ የአገሪቱ መምህራን፣ መኮንኖችና ከያንያን ብዙ ናቸውና ነገሩ በራሱ ብርቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያን ካሴት አገኘ። የዚህ ሰው ልማድ ከአፍሪካ ከተሞች አሮጌ ካሴት እየሰበሰበ በበይነ መረብ ማሰማት ነበር፤ በጅምሩ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ያገኘውን በቀጥታ ያሰማ ነበር። በኋላ ግን አሳታሚ ሆኖ ሥራውን በሌላ መንገድ አስኬደው፤ ሙዚቀኛውን መፈለግና ማስፈቀድ፣ ትርፉንም እኩል መካፈል መመሪያው አደረገ። አቶ ኃይሉን ፈልጎ በስልክ አገኛቸው። ካሴቱ በዚያው ዓመት እንደገና ታተመ፤ ሽማግሌው ሙዚቀኛ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጡ። የባሕር ዳሩ ካሴት እንደ ባዘነው በሬ ነበር፤ ያገኘው ሰው አስነገረ፤ ባለቤቱም መጣ። ልዩነቱ፣ ባለቤቱ የተቀበለው በሬውን ብቻ ሳይሆን ማረሻውንም ጭምር መሆኑ ነው።

ይህ ታሪክ ደስ የሚያሰኝ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ መነገሩም ጉዳት አለው። የአንዱ መገኘት የብዙዎቹን አለመገኘት ይሸፍናል። በበይነ መረብ ላይ ከሚገኘው የዚያ ዘመን ሙዚቃ አብዛኛው የተጫነው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ አይደለም። አንዱ የአባቱን ሸክላ፣ ሌላው ከጓደኛው የተዋሰውን ካሴት፣ ሦስተኛው ከሌላ ገጽ የቀዳውን ይጭናል። አብዛኛው በፍቅር የተደረገ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከሥሩ የሚጻፈው ምንድን ነው? የዘፋኙ ስም፤ ሲሳካ የባንዱ ስም፤ ከባሰም «የድሮ ሙዚቃ» ብቻ።

ጥፋቱ የተጀመረው በይነ መረብ ላይ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ትንሹ ሸክላ በሁለት ገጹ ሁለት ዘፈን ይይዛል፤ መሐል ላይ ያለችው ክብ ወረቀት ዘፋኙን፣ የዘፈኑን ርእስና አሳታሚውን ታስታውቃለች፤ ከዚያ በላይ ቦታ የላትም። ካሴት ደግሞ ከሸክላም ያነሰ ይናገር ነበር። መለከቱን ማን ነፋው? ያን የባስ ጊታር መስመር ማን ፈጠረው? ለመለከቶቹ ድምፅ ከፋፍሎ የጻፈው አቀናባሪ ማን ነው? ባንድ የኅብረት ሥራ ነው፤ የኅብረት ሥራ ግን በአንድ ሰው ስም ይሸጥ ነበር። ዛሬ የሚጭነው ሰው የወረሰው ያንን ዝምታ ነው። ወርሶም ይጨምርበታል።

ከዚህ ላይ የፊደል ነገር አለ። ዝርዝሩ በአብዛኛው የሚገኘው በላቲን ፊደል ነው፤ ፈረንሳዩ በራሱ አጻጻፍ፣ እንግሊዙ በራሱ አጻጻፍ ስለሚጽፉት ጥላሁን አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ሦስት አራት ሰው መስሎ ይወጣል። አማርኛው ደግሞ በሀ፣ በሐና በኀ ይለያያል። ስለዚህ አያቱ የወደዱትን ዘፈን በገዛ ፊደሉ ጽፎ የሚፈልግ የልጅ ልጅ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ በባዕድ ፊደል ያዛባው ሰው ያገኘዋል።

የውጭ ሰብሳቢዎችን በተመለከተ በከተማው ሻይ ቤቶች የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ፤ «ፈረንጅ ወሰደው» የሚል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በአውሮፓ እንዲታተም አደረጉ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኤቲዮፒክ» በሚል ስያሜ 30 ያህል ቅጾች በተከታታይ አወጡ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ሲሆን፣ የፊልም ሠሪው ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 በፊልሙ ውስጥ አስገብቶት ዓለም ሰማው። ከአምስት ዓመት በኋላ ናስና ዳሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ» ከተባለው የሙላቱ ሥራ የተወሰደ ድምፅ ላይ ዘፈኑ። እነዚህ ሁሉ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ሸክላው በአልጋ ሥር አቧራ ይጠጣ ነበር፤ ወይም ከቤት ሲጸዳ ይጣል ነበር። ዛሬ ያው ሸክላ በውጭ ገበያ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ ይቆጫል። ቁጭቱ እውነተኛ ነው፤ ግን አድራሻውን ስቷል። የተጣለን ያነሣ ሰው የጣለውን ሰው አልዘረፈም። ያነሣው ሰው ግን ያነሣሁት የእኔ ነው ካለ፣ ቅድም ከተባለው ገበሬ ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል በአገሩ መወለድም ብቻውን ባለቤት አያደርግም። የኢየሩሳሌም ወላጅ አልባዎች ያመጡትን መለከት፣ የአሜሪካ ጥቁሮች የፈጠሩትን ጃዝ፣ የወሎን ባቲና አምባሰል አንድ ላይ የያዘ ሙዚቃ የትውልድ መታወቂያ ቢጠየቅ ምን ብሎ ይመልሳል?

ሌላው ዓለምም ከዚህ ዕዳ ነጻ ሆኖ አልኖረም። የአሜሪካ ጃዝ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎችም የመሪውን ወይም የባንዱን ስም ብቻ ይጽፉ ነበር። ሻርል ዴሎኔ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1936 ፓሪስ ውስጥ ያሳተመው መጽሐፍ፣ በየሸክላው ላይ የተጫወቱትን ሙዚቀኞች ስም በዝርዝር ለመመዝገብ የተነሣ ነበር። ሙዚቀኞቹን በመጠየቅ፣ ደብዳቤ በመጻፍ፣ የአንዱን መለከት ድምፅ ከሌላው በጆሮ በመለየት የተሠራ ሥራ ነው። ከእርሱ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። ዛሬ አንድ የጃዝ አድማጭ ከመቶ ዓመት በፊት የተቀረጸ ዜማ ሰምቶ ክላሪኔቱን ማን እንደነፋ የሚያውቀው በእነዚያ ግትር ሰዎች ድካም ነው። ከእነርሱ አብዛኞቹ ዜማ አልደረሱም፤ መሣሪያ አልተጫወቱም፤ ስም ብቻ ጠየቁ።

ሕግ ይህን ሥራ አይሠራውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁ ደግሞ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። በዚህ ስሌት ሲታይ የአምኃ እሸቴ ሸክላዎች ዕድሜ በአዘጋጁ በኩል ሞልቷል ወይም ሊሞላ ደርሷል፤ የግዮኑ ቀረጻም በ2020 ዓ.ም. ገደማ ይሞላዋል። አምኃ እሸቴም በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል። ከዚያ በኋላ ያ ከበሮ መቺ የሚጠይቀው ገንዘብ አይኖርም፤ በመጀመሪያውም አብዛኛውን ጊዜ አልነበረውም፤ ለአንድ ምሽት ወይም ለአንድ ቀረጻ ተከፍሎት ሄዷል። ገንዘብ ሲያልቅ የሚቀረው ግን ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የዜማው ባለቤት የሚፈልገው ሌላ ነገር ምንድን ነው ተብሎ ቀደም ሲል የተጠየቀው መልሱ እዚህ ነው፤ ያን ሌሊት ያን ከበሮ የመታው እርሱ እንደ ነበረ እንዲታወቅ ነው። ለዚህ ደግሞ የ50 ዓመት ገደብ የለውም።

በዚህ ረገድ ዋልያስ ባንድ ዕድለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቸ በለው» ላይ የተጫወቱት ሰዎች ስም አልጠፋም፤ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በባስ ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በከበሮ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተጨምረው ነበር። ከዚህ ሥራ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለችውን፣ የግርማ በየነን ዜማ፣ በብዙ አገር ያሉ ባንዶች ይጫወቷታል። ይህን የመሰለ ዝርዝር ያለው ሥራ ግን ጥቂት ነው፤ የክቡር ዘበኛ የመለከት ረድፍ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ ሳክስፎኖች፣ በየሆቴሉ አንድ ሁለት ዓመት ተጫውተው የተበተኑ ባንዶች ያለ ስም ይሰማሉ። ከእነርሱ በሕይወት ያሉት ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ናቸው።

ስሙን የሚያስታውስ ሰው ብቻ ሳይሆን የሚያስታውስ ሰፈርም ያልፋል። ከአደባባዩ ወደ ላይ የሚገኘው ካዛንቺስ፣ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ስሙን ያገኘው፣ በአዝማሪ ቤቶቹና በምሽት ሕይወቱ የታወቀው ያ ሰፈር፣ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት አብዛኛው ፈርሷል። ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ቤት ሲለቀቅ ከጭነት መኪናው ላይ መጀመሪያ የሚወጣው አልጋና ማቀዝቀዣ ነው፤ ቦታ ሲያጥር የሚቀረው የካሴት ሣጥን ነው። ልማቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ በየትኛውም ወገን ቢቆም ግን ያች ሣጥን የት እንደደረሰች የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የሚጠይቀውም የሚያውቃቸው ጎረቤት ነው እንጂ ከፓሪስ ወይም ከኒው ዮርክ የሚመጣ ሰብሳቢ አይደለም፤ ሰብሳቢው ሣጥኑን ቢያገኝ እንኳ «ይህን መለከት የሚነፋው የእነ እገሌ ቤት ተከራይ ነበር» ብሎ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

በደረጃው ላይ ያለው ወጣት ዜማው ሲያልቅ ስልኩን አይቶ ከሥሩ የተጻፈውን ያነባል። የኦርጋኑ ተጫዋች ስም አለ፤ የባንዱ ስም አለ። ከበሮውን ግን ማን እንደሚመታ አልተጻፈም። ወደ ታች ይፈልጋል፤ በአማርኛ ይሞክራል፤ በላቲን ፊደል ይሞክራል። መብራቱ በሙዚየሙ በኩል በርቷል፤ ታክሲዎቹ እየተጣሩ ነው፤ ግዮን ከዛፎቹ በስተጀርባ አለ። ወጣቱ ዜማውን ወደ መጀመሪያው መልሶ፣ አሁን ከበሮውን ብቻ ለመስማት ጆሮውን በመዳፉ ይሸፍናል።